የሺራዚ ድመት ኢንሹራንስ ለምን ይወደዳል?

በእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ድመቷን ያዝ» የሚል ነበር። ያዝኳት። እሷም ያዘችኝ። ጥርሷን ከክንዴ ላይ ካላቀቁ በኋላ ዶክተር ዑስማን ማጅራቷን እንዴት ሰብስቤ እንደምይዝ፣ እግሮቿንም በፎጣ እንዴት እንደምጠቀልል አሳዩኝ። ሱዳናዊ ናቸው፤ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ አይልም። «ደረጀ፣ የያዝከው በሽተኛ እንጂ ሌባ አይደለም» አሉኝ።

ከዚያ በፊት ሪያድ ውስጥ፣ ሰናኢያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር በሚገኝ የፕላስቲክ ድርጅት ነበርኩ። ፋብሪካው ሲዳከም አንድ የአገሬ ልጅ አፈላልጎ ከፊሌን፣ ማለትም ፈቃዴ የተመዘገበበትን አሠሪ፣ ወደ ክሊኒኩ አዛወረልኝ። ክሊኒኩ ዑለያ ሰፈር ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። የእኔ ማዕረግ ረዳት ነው። እንስሳውን እመዝናለሁ፣ ሙቀቱን እለካለሁ፣ ካኑላ የምንለው የመድኃኒት ቱቦ የሚገባበትን እግር በማሽን እላጫለሁ፣ የእንስሳቱን ማደሪያ ጎጆዎች አጥባለሁ። ከእኔ በላይ ዶክተሩ አሉ። ከዶክተሩ በላይ ሥራ አስኪያጁ፣ ሙዲሩ ነው፤ እሱ እንስሳ መንካት አይወድም፣ ከደንበኛ ጋር መጋጨት ደግሞ ከዚያ የባሰ ይጠላል።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ደንበኞቻችን በአብዛኛው ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ቆይቶ የሪያድ ቤተሰቦችም ድመት ይዘው መምጣት ጀመሩ። የሚመጣው ሁሉ ሺራዚ ነው ማለት ይቻላል፦ ጠጉሯ ረጅም፣ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ የገባ፣ ዓይኗ ሁልጊዜ እንባ ያቀረረ ድመት። ቆንጆ ናት፤ ስትተነፍስ ግን ታንኮራፋለች። ነቅታ ስታንኮራፋ ያየሁት ፍጥረት እሷን ብቻ ነው።

የእንስሳት ኢንሹራንስ የሚባለውን ነገር የሰማሁት ከሳሚር ነው። ሳሚር የአንድ የውጭ ኩባንያ ወኪል የሆነ ሊባኖሳዊ ወጣት ነበር። ደንበኛው ይከፍላል፤ እንስሳው ሲታመም ኩባንያው የሕክምናውን ወጪ ይጋራል። የእኛ ሥራ እንስሳውን መርምረን ዘሩንና ዕድሜውን ማረጋገጥ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጣ። እኔ ራሴ ብታመም የሚከፍልልኝ እንደሌለ አሰብኩና ሳቄን ዋጥኩት።

አንድ ነገር ግን አላስተኛ አለኝ። ባላዲ የሚሏት የመንገድ ድመት ኢንሹራንስ በርካሽ ትገባለች፤ ሺራዚዋ ግን ትወደዳለች። እኔ የሰላሌ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ፈረስ ሲገዛ አባቱና አያቱ ይጠየቃሉ። ዘሩ ጥሩ ከሆነ ጠንካራ ነው፣ አለቀ። እንግዲህ ዘረ መልካሟ ድመት ጠንካራ ከሆነች ኩባንያው ለምን ይፈራታል?

ይህንኑ ለሳሚር ነገርኩት። «ተገልብጦባችኋል» አልኩት።

ሳሚር ከት ብሎ ሳቀ። «ወንድሜ፣ እኛ ድመት አንሸጥም። የሚያስጨንቀን መታመሟ ነው። ሰው ድመት ሲያራባ ፊቷን ብቻ አይቶ መረጠ። አፍንጫዋ አጭር እንዲሆንለት ዘመድን ከዘመድ አዳቀለ። አፍንጫው ሲያጥር ሕመሙም አብሮ ገባ። ባላዲዋን ግን ማን መረጣት? ሙቀቱና መኪናው። ደካማዋ አልተረፈችም።»

ከዚያ በኋላ እረፍት አጣሁ። እንስሳ በገባ ቁጥር ዶክተር ዑስማንን መጠየቅ ሆነ ሥራዬ። ትልልቁ ውሻ ለምን ይወደዳል? ዳሌው ቶሎ ስለሚበላሽ። ፊቱ የተጨማደደው ውሻስ? አየር ስለሚያጥረው። ዶክተሩ ደህና አድርገው ያስረዱኛል፤ ሲሰለቻቸው «ኸላስ፣ ደረጀ! ያላ፣ ሥራ!» ይላሉ። እኔም ፎጣዬን ይዤ እሮጣለሁ፣ ጥያቄዬ ግን አብሮኝ ይሮጣል።

ኡም ናይፍ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ጡረታ የወጡ የሴቶች ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናቸው፤ ቤታቸው ሙረባዕ ሰፈር ነው። ድመታቸው ሉሉ ትባላለች፣ ነጭ ሺራዚ። ሳሚር ዋጋውን ሲነግራቸው ተቆጡ።

«የጎረቤቴ ድመት ከቆሻሻ ገንዳ ነው የተነሳችው። የእሷ ለምን አነሰ?»

«ማዳም፣ የእሷ ቅልቅል ናት። የእርስዎ ዘሯ የጠራ ነው፣ ለዚያ ነው» አለ ሳሚር።

ኡም ናይፍ ቀና አሉ። ቁጣቸው ሲበርድ በዓይኔ አየሁት። «እንግዲያው ይሁን» አሉ። «የሉሉ እናት ከወንድሜ ቤት ናት። ዘሯን እናውቃለን። ክብሯ በሚጠይቀው ዋጋ ትግባ።» ዋጋውን እንደ ማዕረግ ቆጠሩት። ሳሚር ሻጭ ነውና አላረማቸውም። እኔም የደንበኛ ነገር ስለሆነ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሉሉን ለክትባት ይዛ የምትመጣው አዲስ የቤት ሠራተኛቸው ዘይነባ ሆነች። የወሎ ልጅ ናት፤ ከአገር ቤት የመጣችው ኢንሹራንሱ ከተገባ በኋላ ነው። ድመቷ በዘይነባ እጅ ስትሆን አትቧጭርም፤ በዚህ ቀናሁባት። ሚዛኑ ጋ ቆመን እናወጋለን። አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷ ዘንድ ትታ ነው የመጣችው፤ ልጅቷን የምታስተምረው እሷ ናት።

አንድ ቀን ሦስቱም መጡ፦ ኡም ናይፍ፣ ዘይነባና ሉሉ። ሉሉ ከስታለች። ውኃ አልጠግብ ብላለች፣ የበላችውን ትመልሳለች። እንደ ልማዳችን «ምን በላች?» ብዬ ጠየቅሁ።

ኡም ናይፍ ጣታቸውን ወደ ዘይነባ ቀሰሩ። «እሷን ጠይቃት! የሉሉን ሳህን በበረኪና ነው የምታጥበው። ሳታለቀልቅ ነው የምትሰጣት። መርዛታለች! ለሹፌሩ ነግሬዋለሁ፣ ነገ ቲኬት ይቆርጣል። ፓስፖርቷ ላይ የመውጫ ኸሩጅ አስመትቼ እሰዳታለሁ።»

ዘይነባ ሉሉን ሚዛን ላይ አስቀመጠች። በአማርኛ አንሾካሾከችልኝ። «ወላሂ ወንድሜ፣ አጥርቼ ነው የማለቀልቀው። ከእኔ በፊት ቁርስ የምትበላ እሷ ናት። መርዘሽ መጣሽ ከተባልኩ ምን ፊት ይዤ አገሬ እገባለሁ? ልጄስ?»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ እህቴ» አልኳት። ምን ይዤ እንዳልኩ ግን እኔም አላውቅም።

ሉሉን በጀርባዋ አስተኝቼ ሆዷን ላጨሁ። ዶክተሩ ጄሉን ቀብተው የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አሳረፉባት። ስክሪኑ ላይ ኩላሊቷ እንደ ወይን ዘለላ ጥቋቁር ክብ ክቦች ሞልተውት ታየ። ወደ ሌላው ኩላሊት ዞሩ፤ እሱም ያው ነው።

«ማዳም» አሉ ዶክተሩ፣ «ይህ መርዝ አይደለም። ኩላሊቷ ላይ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች አሉ። አብረዋት ተወልደው አብረዋት ያደጉ ናቸው። ከወላጆቿ የወረሰችው ሕመም ነው።»

«ከወላጆቿ?» ኡም ናይፍ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «እናቷ ከወንድሜ ቤት ናት እያልኩህ? ዘሯ ንጹሕ ነው! ከንጹሕ ዘር በሽታ ይወጣል? ይህችን ልጅ ለመከላከል ነው የምትናገረው።»

ዶክተር ዑስማን አቀርቅረው ጄሉን ይጠርጉ ጀመር። ሙዲሩ በመስታወቱ ውስጥ እያየን ነበር። ዶክተሩም እኔም ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በክሊኒኩ ስም ነው፤ አንድ ደንበኛ ብትከሰን መጨረሻው የታወቀ ነው። ዘይነባ ግድግዳውን ተደግፋ በነጠላ ጫማዋ ጫፍ ወለሉን ትፍቃለች። 

አፌን ያስከፈተኝ ያው የፈረደበት ጥያቄ ነው። ስክሪኑ ላይ ያየሁት ነገር ከሳሚር ወሬ ጋር በአንድ ጊዜ ተገናኘብኝ። «ዶክተር» አልኩ፣ «ኩባንያው በሺራዚ ላይ የሚጨምረው ለዚህ ነው እንዴ?»

ዶክተሩ ቀና ብለው አዩኝ። «አዎ፣ አንዱ ለዚህ ነው» አሉ። «ይህ የኩላሊት ሕመም በሺራዚ ዘር የታወቀ ነው። ኩባንያው ያውቃል። ቀድሞ ያስከፍላል።»

ኡም ናይፍ ቆመው ቀሩ። «ለክብሯ ነው የተባልኩት» አሉ።

«አይደለም፣ ማዳም። ትታመማለች ተብሎ ነው።»

 ሉሉ ታንኮራፋለች። ኡም ናይፍ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ወደ ዘይነባ፣ ከዘይነባ ወደ ስክሪኑ አመላለሱ። በኋላ፣ ተማሪ ፊት ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«እኔ ያን ዋጋ ስከፍል ይህች ልጅ ገና አገሯ ነበረች። ሕመሙ ከእሷ ቀድሞ ነው የተከፈለበት።»

«ኢንሹራንሱን ሲገቡ እኔ እዚሁ ነበርኩ፤ የዚያን ጊዜዋ ሠራተኛ ሌላ ናት» አልኩ።

«እኔ ነኝ የቀጠርኳት፣ መቼ እንደመጣች ከአንተ አልማርም» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ሹፌሩ ጋ ደወሉ። «ነገ ቲኬት ቢሮ እንዳትሄድ። አያስፈልግም» አሉት። ዘይነባን ይቅርታ አልጠየቋትም። ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «ዘይነባ፣ ነይ አንቺ ያዣት። የእሱ እጅ ሻካራ ነው» አሉ። ዘይነባ ሉሉን አቀፈቻትና ፊቷን በድመቷ ጠጉር ውስጥ ቀበረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ እኔም ጎጆ አጥባለሁ ብዬ ወጣሁ፤ ጎጆዎቹ ንጹሕ ነበሩ።

ሕመሙ የሚድን አልነበረም። ዶክተር ዑስማን ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ እንዴት እንደሚሰጣት ለዘይነባ አስተማሯት። ከእኔ ቀድማ ለመደችው። ኩባንያው የድርሻውን ከፈለ። ሉሉ ከሁለት ረመዳን በኋላ ሞተች። ዘይነባ ኮንትራቷን ጨርሳ፣ ደመወዟንና ሻንጣዋን ይዛ በሰላም አገሯ ገባች።

እዚያ ክሊኒክ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ለአዳዲስ ረዳቶች የማሳየው የማጅራት አያያዝ ዶክተሩ ያሳዩኝን ነው። የጥያቄውን ቅደም ተከተል ግን ቀየርኩት። የታመመ እንስሳ ሲገባ መጀመሪያ ዘሩን ጠይቁ፣ ቀጥሎ ወላጆቹን፣ ምን እንደበላ መጨረሻ ላይ። «ምን በላ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ያበላችውን ሴት ነው።