ለአባቴ ያስተማርኳቸው ሁለት መልሶች

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ለነርስነት ያመለከትኩበት ድርጅት የቃል ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው ሲለኝ፣ መለማመጃ መጽሐፌን ይዤ አቦቦ አጠገብ ወዳለው የወላጆቼ ቤት ሄድኩ። ወላጆቼ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው።

የሚያለማምደኝ ሰው ስላጣሁ፣ በቆሎ ሲፈለፍል ያገኘሁትን አባቴን ያዝኩት። ሁለት መልስ ብቻ አስጠናሁት፤ «ዬስ፣ አይ ሃቭ» እና «ኖ፣ አይ ሃቨንት»። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አነብና በአማርኛ እነግረዋለሁ፤ እሱ አንዱን ይመርጣል።

«በረዶ ላይ ተንሸራተህ ታውቃለህ?»

«ኖ፣ አይ ሃቨንት።»

«ወንዝ በዋና ተሻግረህ ታውቃለህ?»

«ዬስ፣ አይ ሃቭ!»

እኔ ቃላቱ ቦታ እየተለዋወጡብኝ ግሡን እንደ አማርኛችን መጨረሻ ላይ እወረውረዋለሁ። እሱ ግን አይሳሳትም። «ለፈተናው አንተው ሂድላት!» እያለች እናቴ ትስቃለች።

መጽሐፉ ገረመኝ። ሰውን ስለ ሕይወቱ እንዲህ ፊት ለፊት ይጠይቃል። እኛ ቤት አባት አይጠየቅም፤ ራሱ ሲናገር ይሰማል እንጂ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ልጠይቀው የፈለግኩት ነገር ነበር። አጎቴ ከወሎ ደውሎ «የአባታችን መሬት ድርሻህ ይጠብቅሃል፤ ትመጣ እንደሆነ ቁርጡን ንገረኝ» ብሎታል። አባቴ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። እናቴ ለክረምት ዘር ታዘጋጅ ወይስ ዕቃ ትሸክፍ ግራ ገብቷታል። እኔም ቤታችን ወዴት እንደሚሆን ለማወቅ ቸኩያለሁ።

«መጽሐፉ ‹ወስነሃል ወይ› የሚል ጥያቄ የለበትም?» አለች እናቴ፣ ከምታበጥረው እህል ቀና ሳትል።

«አለበት» ብዬ ዋሸሁ። «ሃቭ ዩ ዲሳይድድ? ወስነሃል?»

አባቴ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን።

«ዬስ፣ አይ ሃቭ።»

ለካ ያስተማርኩት መልስ ምን እንደወሰነ አይናገርም! ሦስተኛ መልስ ባለማስጠናቴ ተናደድኩ። እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

አባቴ የእጁን ብናኝ አራገፈና በአማርኛ ቀጠለ። «ለአጎትሽ ደውዪለት። መሬቱን እሱ ይረሰው። እኔ ልጄን ትቼ አልሄድም በዪው።»

ደስታም ሐፍረትም አንድ ላይ ተሰማኝ። «አባባ፣ ለእኔ ብለህማ እንዳትቀር። እኔ እኮ ከተማ ነኝ፣ ሥራም አገኛለሁ» አልኩት።

«አንቺን አላልኩም።»

ዓይኑ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። በሰፈሩበት ዓመት በወባ የሞተው ታላቅ ወንድሜ የተቀበረው እዚያ ነው። እንዲህ ያለ ወንድም እንደነበረኝ ከጎረቤት ሰምቼ ነው የማውቀው፤ ወላጆቼ ስለ እሱ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አባቴ ሌላ የበቆሎ ራስ አነሣ።

«ጠይቂኝ እንጂ» አለኝ፣ «ፈተናሽ ደርሷል።»

መጽሐፉን ዘጋሁት። «ስሙ ማን ነበር?» አልኩት።