ቆሞ መልቀም

ሴትዮዋ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ማለዳ ሁሉ ይመጣሉ። ወለሉ መስታወት በሆነው ጀልባ ላይ ሌላው ሰው መቀመጫ ሲሻማ፣ እሳቸው ጥቁር ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር አስረው ወደ መስታወቱ ያጎነብሳሉ። ክንዳቸው ላይ የሰፋቸው የወንድ ሰዓት እስከ ክርናቸው ይንሸራተታል።

ጀልባ ነጂው ሞተሩን ያጠፋል። ከሥራቸው የነጣው ኮራል፣ የዓሦቹ ምግብ የሆነው የባሕር ፍጥረት፣ እንደ አመድ ተዘርግቷል። ድሮ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከአንድ ቅርንጫፍ ሳይርቁ ይበሉ የነበሩት ቢጫ ዓሦች፣ አሁን አንዱን ነካ፣ ሌላውን ነካ አድርገው ያልፋሉ።

«ዛሬስ በሉ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ኧረ ምን ይበላሉ፣ እማማ! ይለቃቅማሉ እንጂ። ኮራሉ ሲታመም እንደ ወንደላጤ ቆሞ መቅመስ ነው።»

«ወንደላጤ ብቻ መሰለህ? እኔም ድስቱ አጠገብ ቆሜ ነው የምጎርሰው። ለአንድ ሰው ማን ገበታ ይዘረጋል?»

የጀልባ ነጂው ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ።

«እና ዓሦቹ ለቀው ይሄዳሉ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ቤቱ ካላበላ ምን ያድርጉ?»

«ልጆቼም እንደዚያው ይሉኛል። ቤቱን ሽጪና እኛ ጋ ነይ።»

ውሃው ብርሃኑን ፊታቸው ላይ ያወዛውዘዋል። ከነጣው መካከል አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ቅርንጫፍ በሕይወት ቀርታለች። አንድ ቢጫ ዓሣ አፉን እሷ ላይ ተክሎ ቀስ እያለ ይበላል፤ ወዲያ ወዲህም አይል።

«እማማ፣ ተሳፋሪው ቸኩሏል፤ እንሂድ?»

«ይጨርስ እንጂ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «የሚበላ ሰው አይነሣም።»