የማታው ጭስ

እርጥብ የግራር እንጨት ሲጨስ ከሸተተኝ እስካሁን አፌ ይደርቃል። ትናንት አመሻሹ ላይ ጎረቤቴ ከግቢው የጠረገውን ቅርንጫፍ ሲያቃጥል የያዝኩትን መጽሐፍ አጥፌ ወጣሁ። ጭሱ ትንሽ ሽቅብ ከሄደ በኋላ የአዳማ ነፋስ ወደ ጎን ወሰደው። ያኔም እንዲሁ ነበር የሚሄደው።

ፈንጣጣ የገባ ጊዜ ጢሜ ገና ማቀምቀም ጀምሮ ነበር። ባቡር ነው ያመጣው የሚሉ ነበሩ፤ የግመል ነጋዴዎቹ ናቸው የሚሉም አልጠፉም። እኅቴ እርጉዝ ነበረች። ባሏ አዋሽ ላይ ሐዲድ ይጠግን ነበርና፣ መንገዱ በበሽታው ምክንያት ሲዘጋ እዚያው ቀረ። እሷም ገና አፉን የፈታ ልጇን ይዛ እናታችን ቤት ገባች።

ልጁን መጀመሪያ አተኮሰው፤ ከዚያ ግንባሩ ላይ ወጣበት። እናቴም እኅቴም እኔም በሽታው ይዞን አያውቅም። በዚያን ጊዜ በሽተኛ የሚያስታምመው ድሮ ወጥቶበት የዳነ ሰው ነበር። በገበያ ጨው የሚሸጡ፣ ፊታቸው በፈንጣጣ የተበሳሳ አንዲት ወሎዬ ጎረቤት ነበሩን፤ እማማ ነበር የምንላቸው። ልጁን በጋቢ ጠቅልለው ከሐዲዱ ማዶ ወዳለች የማሳ መጠበቂያ ጎጆ ወሰዱት። እናቴ ስታለቅስ፣ «ተይ እንጂ፣ እኔን እንደሁ ሞት አንዴ ቀምሶ ተፍቶኛል፤ ጣዕሜን አልወደደውም» ብለው ሳቁባት።

እኅቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ አለች። የበሩን መቃን ይዛ ሐዲዱን ስታይ ትውላለች። ፅንሱ ሲንቀሳቀስ እጇን ሆዷ ላይ ታደርግና፣ ወዲያው ያቃጠላት ይመስል ታነሳዋለች። እናቴ ሐዘኑ ማኅፀኗ ድረስ እንዳይደርስ ፈራች። ይህን የሰሙት እማማ አንድ ቀን ከሐዲዱ ማዶ ቆመው ተጣሩ። በየማለዳው እርጥብ እንጨት እንደሚያነዱ፣ ጭሱን ስታይ ልጇ ደኅና አደረ ማለት እንደሆነ፣ ያን ጊዜ እንድትበላ ነገሯት።

እንዲያ ሆነ። ማለዳ ጭሱ ሲወጣ ትተነፍስና ቁራሽ ታነሳለች። ከዚያ በገዛ እጇ ያለበችውን ወተት በቅል ትሰጠኛለች፤ እኔ መሐል መንገድ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። አመሻሹም ላይ ወተቱን ሲያሞቁለት ቀጭን ጭስ ከጎጆው ይታይ ነበር። ማንም ልብ ያለው አልመሰለኝም።

አንድ ማለዳ ጭሱ እንደ ወትሮው ወጣ። እኔም ቅሉን ይዤ ሄድኩ። እማማ ከድንጋዩ ማዶ ቆመው ጠበቁኝ።

«አላህ ወሰደው» አሉኝ። «ከጎጆው አጠገብ ካለው ግራር ሥር ቀብሬዋለሁ። ለእናቱ እንዳትናገር፤ ወሯ ገብቷል። እሳቱን እኔ አነዳለሁ።»

ወተቱን ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኳቸው። ወደ ጎጆው ሲመለሱ እዚያው አፈሰስኩት። መሬቱ ደረቅ ስለነበር ወዲያው ጠጣው።

ለእናቴ በሹክሹክታ ስነግራት ከጓሮ ሄዳ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ተንሰቀሰቀች። ፊቷን ታጠበችና ገብታ ለእኅቴ ገንፎ አቀረበች። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ሦስታችን ደጅ ቆመን ጭሱን እንጠብቃለን። እኅቴ ታያለች፣ ትበላለች፣ ቅሉን ትሰጠኛለች። እኔም ወስጄ አፈሳለሁ። ዛሬስ እነግራታለሁ እልና ሆዷን ሳይ እተወዋለሁ። ብናገር አንዱን የምገድል፣ ዝም ብል በሌላው የምቀልድ ይመስለኝ ነበር።

እኅቴ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እኅቴ በእጇ ጠራችኝ። ድምፅዋ ደክሟል።

«ለእማማ ንገራቸው። ከእንግዲህ እንጨት አይፍጁ።»

ወደ በሩ ዞር አልኩ።

«ማታ ማታ መጨሱ ከቀረ ቆየ እኮ» አለች። «ልጄ ወተት የሚጠጣ ቢሆን ያሞቁለት ነበር።»

ታዲያ ለምን ትበያለሽ፣ ለምን ወተት ትልኪያለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ራሷ ሕፃኗን እያየች፣ «ይቺም ልጄ ናት» አለች።

ሄጄ ለእማማ የሆነውን ነገርኳቸው። ከድንጋዩ ማዶ ተቀምጠው እንጨት ይሰባብሩ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«የማታውን ረሳሁት» አሉ። ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። እኔም ከድንጋዩ ወዲህ ቆሜ ቀረሁ፤ ቀርቤ እጃቸውን እንኳ መያዝ አልቻልኩም።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ከሐዲዱ ማዶ ቀጭን ጭስ ወጣ። እናቴ አራሷን ነፋስ እንዳይመታት በሩን ልትዘጋ ስትነሳ እኅቴ፣ «ተዪው፣ ትንሽ ይቆይ» አለቻት። ሕፃኗን እያጠባች፣ ነፋሱ ወደ ጎን ወስዶ እስኪጨርሰው ድረስ አየችው።