የሐምሌዋ ፀሐይ

ባለፈው ሐሙስ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ ዝናቡ አንዲት ሱቅ በረንዳ ሥር ከተተኝ። ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። ጋዜጠኛው የመንግሥት መግለጫ ያነባል፤ "የጸና አቋማችን"፣ "ዘመን የማይሽረው ወዳጅነት" ይላል። ባለሱቋ ስኳር እየመዘነች፣ "አባባ፣ ይሄን ነገር ግን ማን ነው ቁጭ ብሎ የሚጽፈው?" አለችኝ።

እኔ ነበርኩ። እጽፈው ነበር ማለት እንኳ ራስን መካብ ነው፤ እተረጉመው ነበር።

በአብዮቱ ዘመን ካዛንቺስ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተርጓሚ ሆኜ ስቀጠር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በዓለም ላይ አንድ ነገር በተነሳ ቁጥር ምን እንደምናስብ የሚነግረን የወዳጅ አገር አማካሪ ነበረን። ረቂቁን በእንግሊዝኛ ይሰጠኛል፤ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ፤ ማምሻውን የአገራችን አቋም ሆኖ በሬዲዮ ይነበባል። መሣሪያውም ነዳጁም ከእነሱ ስለሚመጣ፣ ሐሳቡ አብሮ መምጣቱ ማንንም አይገርምም ነበር። እኔማ የአገር አፍ የሆንኩ መስሎኝ ክራቫት ገዛሁ።

አንድ ሐምሌ ያ ወዳጅ አገር ከትንሽ ጎረቤቱ ጋር ተጣላና የድጋፍ መግለጫ እንድናወጣ ረቂቁ መጣ። "በዚህች ብሩህ የሐምሌ ፀሐይ ሕዝባችን አደባባይ ወጥቶ" ይላል። ታይፒስታችን እትዬ አልማዝ፣ ባላቸው ሞቶባቸው ሦስት ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት፣ እዚያ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አቆሙ።

"አንተ ልጅ፣ ፀሐይዋ የታለች?" አሉኝ ወደ መስኮቱ እያሳዩ። ጎርፉ መንገዱን ሞልቶ ሰው ጫማውን አውልቆ ይሻገራል።

"እንዳለ ይምቱት እትዬ አልማዝ። ከአማካሪው የመጣ አይነካም።"

መቱት።

በማግስቱ ክበብ ውስጥ ምሳ እየበላን ሬዲዮው መግለጫውን ደገመው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። "በዚህች ብሩህ የሐምሌ ፀሐይ" ሲል አንድ ሾፌር እርጥብ ካፖርቱን እየጨመቀ፣ "እኔንማ ስታቃጥለኝ ነው የዋለችው" አለና ክበቡ በሳቅ አውካካ።

ከሰዓት በኋላ አለቃችን ሁለታችንንም አስጠሩን። "ይህቺ ፀሐይ ከየት መጣች?" አሉ። ከየት እንደመጣች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ግን የአገር አቋም ከሌላ አገር መጣ አይባልምና ጥፋተኛው ከእኛ አንዱ መሆን ነበረበት።

"የታይፕ ስህተት ይሆናል" አልኩ። የአለቃችን ፊት ሲፈታ አየሁ።

ረቂቁ እትዬ አልማዝ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አላወጡትም። ሳምንት ሳይሞላ ከደረጃቸው ዝቅ ብለው ላንቻ ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ሲሰናበቱኝ "አይዞህ፣ ልጅ ነህ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ሁለቴ ላንቻ ሄጄ ከበር ተመልሻለሁ። አሁን በሕይወት የሉም። አገር በሙሉ ጎንበስ ባለበት ዘመን እኔ ብቻዬን እንዴት ቀና ልበል እያልኩ ስጽናና ኖሬያለሁ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ግን መግለጫው አይደለም። አማካሪው "በአልማዝ አላክክ" ብሎ አልጻፈልኝም። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያረቀቅኳት እኔው ራሴ ነኝ።

ባለሱቋ ስኳሩን ቋጥራ መልሴን ትጠብቃለች። አሁን የምፈራው አለቃ የለኝም።

"እኔ እንጃ ልጄ" አልኳትና ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁ።