ሁለት ገዳ ከሁለት ዓመት

ነገሌ ቦረና ሒሳብ ሳስተምር ከዳይሬክተሩ ጋር ዓይንና ናጫ ነበርን። ሰውየው አይወደኝም፤ እኔም ድምፁን ስሰማ ያንገሸግሸኛል። በዚያ ዓመት የመጣው አዲሱ የሒሳብ መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

መጽሐፉ ቁጥርን በአሥር ሳይሆን በስምንት እየመደቡ መጻፍ ያስተምራል። አሥራ ሁለት፣ አንድ ስምንትና አራት ስለሆነ 14 ተብሎ ይጻፋል። የመንግሥት ሠራተኞቹ ልጆች ሳቁብኝ። ዳይሬክተሩ በመስኮት ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «ጤነኛ ቁጥር አስተምር፤ የሰው ልጅ አታሳብድ» አለኝ፣ እዚያው ተማሪዎቼ ፊት። ደሜ ፈላ።

ነገሩ ያልከበዳት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ አባቷ ዱብሉቅ አካባቢ ከብት ያረባሉ። እነሱ ቤት ዓመት የሚቆጠረው በገዳ ነው፤ አንድ ገዳ ስምንት ዓመት። በሳምንቱ ደብተሯን ይዛ መጣች። በስምንት የተጻፈ ቁጥር አሃዞቹ ተደምረው ለሰባት ከተካፈሉ፣ ቁጥሩም ለሰባት ይካፈላል አለችኝ። 25 ብላ ጻፈች፤ ሁለትና አምስት ሰባት፣ ቁጥሩ ደግሞ ሃያ አንድ። 34 ብላ ጻፈች፤ ሃያ ስምንት። መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ እኔም አልነገርኳት። በዚያ አገር ስኖር ከልቤ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው።

መምህራን ማሠልጠኛ እንድትገባ የገፋፋኋት እኔው ነኝ። ከአሥራ ስምንት ዓመት ያለፈ አይቀበሉም፤ ለሷ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ቅጹን የሚሞላው ጸሐፊ የዳይሬክተሩ የእህት ልጅ ነው። ዕድሜዋን ሲጠይቃቸው አባቷ፣ «ሁለት ገዳ ከሁለት ዓመት» አሉት። ከመጣ ሦስት ወር ያልሞላው ደንቆሮ ገዳን አሥር ዓመት አድርጎት፣ 22 ብሎ ጻፈ። ልጅቷ ተሰረዘች።

ቢሮ ገብቼ ጠረጴዛ ደበደብኩ። ዳይሬክተሩ እስክጨርስ ጠበቀኝና ባዶ ወረቀት ገፋልኝ።

«ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ስህተቱ የኔ ነው ብለህ ፈርም። ዛሬውኑ አስተካክዬ እልከዋለሁ።»

አባትና ልጅ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ።

«ያንተ ዘመድ ለጻፈው እኔ አልፈርምም» አልኩት። «ከፈለግህ እሱ ይፈርም።»

ወረቀቱን ቀድጄ ወጣሁ። እንዴት ያለ ኩራት ተሰማኝ! በዚያው ቀን በሱና በጸሐፊው ላይ አራት ገጽ አቤቱታ ጽፌ ለበላይ አካል ላክሁ። ሠልጣኞቹን የሚወስደው መኪና ሰኞ ጠዋት ሄደ፤ እሷ አልነበረችበትም።

መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት መሆኑ ታምኖበታል፣ ጸሐፊውም ተቀጥቷል፣ ምዝገባው ግን አልፏል ይላል። ዳይሬክተሩን አንገት ያስደፋሁበትን ደብዳቤ በኪሴ ይዤ ገበያ ወረድኩ። ከእናቷ ጋር ወተት እየሸጠች አገኘኋት።

«ናጋ ነው ጋሼ?» ብላ ሰላምታ እየሰጠች ተነሳችልኝ።

ደብዳቤውን ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ አጣጥፋም መለሰችልኝ።

«መፈረሙ ያን ያህል ከብዶዎት ነበር?» አለችኝ።

ከብዶኝ ነበር። ይህን ግን አፌን ሞልቼ ልነግራት አልቻልኩም።