አበባው የማይረግፍ ካክተስ

ሰፈሩ የሚያውቃቸው እትዬ ሃሎ በሚል ቅጽል ስም ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በስልክ ኦፕሬተርነት ነበርና፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም በር ሲንኳኳ "ማነው?" በማለት ፈንታ "ሃሎ!" ይላሉ። የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ችግሩ፣ በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ብዙ አለመሆኑ ነው።

በሥራ ዘመናቸው የስንቱን ሰርግ፣ የስንቱን መርዶ አገናኝተዋል። የተኮራረፉ ባልና ሚስት ሲታረቁ መጀመሪያ የሰሙት እሳቸው ናቸው። "ይነጋገሩ" ብለው መስመሩን ለባለጉዳዮቹ ይለቁና ወደሚቀጥለው ይዞራሉ። እንዲህ ሲዞሩ ሳያገቡ፣ ሳይወልዱ ጊዜው ነጎደ። አሁን የቀረቻቸው ዘመድ የሟች እህታቸው ልጅ ናት፤ ሩቅ ከተማ ባዮሎጂ ታስተምራለች። እሑድ እሑድ ሳታጓድል ትደውላለች።

"አክስቴ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ የኔ እናት፤ አንቺስ?"

"ደህና። ጉልበትሽስ?"

"ያው ነው፣ ከኔ ጋር ነው።"

"በይ እሺ፣ ሰሞኑን እደውላለሁ።"

ሰሞኑን ማለት የሚቀጥለው እሑድ ነው። ስልኩ ተዘግቶም የቀዱት ሻይ ገና ያቃጥላል።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ውለው ሲመለሱ ዝናብ አባረራቸውና አንድ የአበባ ተክል ሻጭ ሸራ ሥር ተጠለሉ። ተጠልሎ ባዶ እጅን መሄድ ነውር መሰላቸው። ከጣሳ ውስጥ ብቅ ያለች አንዲት እሾሃም ነገር አነሱ።

"ስሙ ማነው?"

"የማን፣ የኔ?" አለ ሻጩ።

"የተክሉ ነዋ!"

"እሱማ ካክተስ ነው፣ እማማ። እዚህ ያለው ሁሉ ካክተስ ነው።"

ቤት ገብተው ፎቶ አነሱና ለልጅቷ ላኩላት፤ "ይሄ ምንድን ነው?" ብለው። ማክሰኞ ደወለች። ማክሰኞ! እትዬ ሃሎ ሰው የሞተ መስሏቸው ስልኩን ላፍ አድርገው አነሱት።

"አክስቴ፣ ጎኑን በመርፌ ጫፍ ውጊልኝ። ነጭ ወተት ካወጣ የቁልቋል ወገን ነው። ካላወጣ ካክተስ ሊሆን ይችላል። ወተቱ ዓይንሽን እንዳይነካሽ ታዲያ!"

ወጉት፤ ወተት ወጣ። በዚህም በዚያም ሲያወሩ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንድ ጣሳ ይዘው መግባት ሆነ። መስኮታቸው ሞላ። ጽጌረዳ መሳይዋ ቅጠለ ወፍራም ኤቼቬሪያ ሆነች። ነጭ ሰረዝ ያለባት "የእሬት የአክስት ልጅ" ተባለች፤ አክስትየዋ በዚህ ቀልድ ሳምንቱን ሙሉ ለብቻቸው ሳቁ። ግን አንዱ ስሙ በታወቀ ቁጥር የሱ ጨዋታ ያበቃል፤ ሌላ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ክብ፣ የጡጫ ያህል፣ አናቱ ላይ ቢጫ አበባ የሰካ አመጡ። ይሄኛው እምቢ አለ። ካክተስነቱስ ታወቀ፤ አስቸጋሪው አበባው ነው። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ቦግ ብሎ ይከፈታል፤ ማንቆርቆሪያው ፈልቶ መስኮቱ ላብ ሲያወርድ ደግሞ ጥቅልል ይላል። አይጠወልግም፣ አይረግፍም።

"ዛሬም አለ?" ትላለች ልጅቷ።

"ምን ይሆናል፣ ሙሽራ ነው እኮ!"

"አክስቴ፣ ይሄ ነገር ጤነኛ አይደለም። ካክተስ እንዲህ ሰንብቶ አያብብም።"

መጽሐፍ አገላበጠች፣ ባልደረቦቿን ጠየቀች፤ በየማታው መደወል ጀመረች። ወሬው ከአበባው ይነሳና ስለ ነዝናዛው ርዕሰ መምህር፣ ስለ አክስቷ ጉልበት፣ ለሰው ስላልነገረችው እጮኛዋ ሳይቀር ይሄዳል። እትዬ ሃሎ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጨዋታ ሲያገናኙ ኖረው፣ ይሄኛው የራሳቸው ነበር።

አንድ ቀን "ከየት በኩል እንደበቀለ በማጉያ መነጽር እዪልኝ" አለቻቸው። ዓርብ ረፋድ ላይ ማጉያቸውን አምጥተው ጎንበስ አሉ። ከአበባው ሥር፣ በእሾሁ መካከል፣ መስተዋት የመሰለ ጠብታ አለ። ማር መስሏቸው በጥፍራቸው ነካ ሲያደርጉት አበባው ከነጠብታው ተነስቶ መዳፋቸው ላይ ቁጭ አለ። ማስቲሽ ነው። ደረቅ አበባ፣ በማስቲሽ የተለጠፈ!

ሳቁ። አብሮ የሚስቅ ስላልነበረ ሳቁ ቶሎ አለቀ።

መሳቢያቸው ውስጥ የጫማ ማስቲሽ አለ። አወጡት፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ አሸተቱት። አበባውን ቦታው መልሶ መለጠፍ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ልጅቷም ነገ፣ ከነገ ወዲያም ትደውላለች። ብዙ ዋሾ በጆሯቸው አልፏል፤ ሰው ከመዋሸቱ በፊት እንዴት እንደሚተነፍስ ያውቃሉ። ክዳኑን መልሰው ገጠሙት።

ማታ ስልኩ ጮኸ። "አክስቴ! ማንም የማያውቀው ዝርያ ቢሆንስ? ባንቺ ስም እንሰይመው ነበር!"

"ማስቲሽ ነው" አሉ።

"ምኑ?"

"አበባው። ለጥፈውት ነው።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው "ሃሎ?" አሉ። ከወዲያ ማዶ ሳቅ ፈነዳ፤ ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ገባኝ! እንዲህ ያለ አበባ ደርቆም እርጥበት ሲነካው ይጠቀለላል፤ ሲደርቅ ይከፈታል። ሞቶ እኮ ነው የሸወደን! አበባው ከሌለ ደግሞ ማሚላሪያ የምትባል ተራ ካክተስ ናት። በቃ፣ አገኘናት።"

"አገኘናት" አሉ እትዬ ሃሎም።

"በይ እሺ አክስቴ፣ ሰሞኑን እደውላለሁ።"

እሑድ ደወለች፤ ስለ ጉልበታቸው ጠየቀች። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። ሻዩ ያቃጥላል።

ቅዳሜ ሻጩ ዘንድ ሄዱ። "አንተ ሸፍጠኛ! አበባ በማስቲሽ ትለጥፋለህ?"

"እማማ፣ እንዳያፍር ብዬ እኮ ነው። ባዶውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ይልቅ ይዩልኝ!" እጁን ዘረጋ። ጣሳዎቹ ላይ ሁሉ በእስክሪብቶ የተጻፈባቸው እንጨቶች ተሰክተዋል። "ስሙ ማነው፣ ስሙ ማነው ሲሉኝ ከርመው የለ? ችግኝ ጣቢያ ሄጄ አንድ በአንድ ጠየቅሁልዎት።"

እትዬ ሃሎ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

"ምነው፣ አጠፋሁ?"

"አይ፣ እግዜር ይስጥህ ልጄ። አንድ ስጠኝ። ግን ሳላየው እንጨቱን ንቀልልኝ።"

"ስሙን?"

"ስሙን። እንዳታነብልኝም!"

ሻጩ ራሱን እየነቀነቀ ነቀለ። "ነቅያለሁ፣ ይዙሩ" እስኪላቸው ድረስ እትዬ ሃሎ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ።

ቤት ሲደርሱ መስኮቱ ላይ ቦታ ስለጠፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ረዘም ያለ፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያለ ነገር ነው። ፎቶ አንስተው ላኩት። "ይሄ ምንድን ነው? እውነቴን ነው፣ አላውቀውም" ብለው ጻፉ።

መርፌውን አወጡና ስልኩ አጠገብ አስቀመጡ። ሻዩን ግን ስልኩ እስኪጮህ ብለው ገና አልቀዱትም።