ወንድሜና እንቅልፋሞቹ ሣጥኖች

ታናሽ ወንድሜን ሁሉም «ኮቴ» ይሉት ነበር። በሚሠራበት ድንች ማከማቻ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲዞር የቦቲው ድምፅ ከእሱ ቀድሞ ይሰማል። እኔም ያኔ፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ፣ እዚያው የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። አሁንም ሳስታውሰው የበሰበሰ ድንች ሽታ አፍንጫዬን ይሞላዋል።

የድንቹ ክምር ውስጥ ሳሙና የሚያካክሉ አርባ ሣጥኖች ተቀብረዋል። ድንች ከሞቀ ይበሰብሳልና ሙቀቱን ይለካሉ። ሽቦ የላቸውም፤ ባትሪያቸው ቶሎ እንዳያልቅ ይተኛሉ። በየደቂቃው ነቃ ይሉና ወንድሜ ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው ስልክ አጠገባቸው ካለ ቁጥራቸውን ነግረውት ተመልሰው ይተኛሉ፤ ሙቀቱ ደህና ከሆነ ስልኩ አረንጓዴ ያበራል። እሱ ታማሚ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የሚዞራቸው።

«እትዬ፣ አሥራ ሰባተኛዋ ዛሬ ትንሽ አተኩሷታል» ይለኛል። ወዲያው በዚያ በኩል ማራገቢያ ይከፈታል፤ ድንቹም ይተርፋል።

ባትሪ ለመቀየር ግን ክምሩን መናድ ነው። ይህ ያስመረረው አለቃችን ሣጥኖቹን በየአሥር ደቂቃው ብቻ እንዲነቁ አስደረጋቸው። ዙሩን ግን እንደ ድሮው በአንድ ሰዓት ጨርስ አለ። ወንድሜ እስኪነቁ ቆሞ ሲጠብቅ አየውና ጮኸበት፦

«ምን ተገትረህ ቀረህ? ሐውልት ነህ እንዴ?»

«አለቃዬ፣ ተኝታለች እኮ። ሳትነቃ ካለፍኳት ስልኩ የሚያሳየኝ የቆየውን ቁጥር ነው።»

«አረንጓዴ አይደለም?»

«አረንጓዴማ ነው። የትናንት አረንጓዴ።»

«እንግዲያ እለፍ! እግርህን አንሳ!»

አለፈ። ምን ያድርግ።

በሦስተኛው ሳምንት ከክምሩ ሥር ጥቁር ውሃ መፍሰስ ጀመረ። አካፋዬን ስሰድ ድንቹ እንደ ንፍጥ ተዘረገፈ፤ ትሉ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ሁለት ቀን እህል የሚባል አልቀመስኩም።

የባሰው የመጣው በማግስቱ ነው። አለቃው «ሦስት ሳምንት ሙሉ አልዞርኩም» የሚል ወረቀት ይዞ ከች አለ። ወንድሜ ከፈረመ በማስጠንቀቂያ ይቆያል፤ ካልፈረመ ይባረራል።

«ፈርም፣ ልጆችህን አስብ» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ የገዛ እህቱ። አፌ እስከ ዛሬ ይቀፈኛል።

ወንድሜ አላየኝም። ስልኩን ከአንገቱ አውልቆ አለቃው አንገት ላይ አጠለቀለት።

«እስቲ እርስዎ ይዙሩ። በዚያች በአንድ ሰዓትዎ።»

ጫኝና አውራጆቹ ቆመው ሲያዩት ጊዜ እምቢ ማለት አፈረ። አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ ጭማቂውን እየዘለለ፣ ትሉ በሚርመሰመስበት ክምር አጠገብ ፈጠን ብሎ አለፈ። ስልኩ አረንጓዴ አበራ። ጫኞቹ በሳቅ ፈረሱ።

«በሉ እርስዎም ይፈርሙ» አለው ወንድሜ። «እርስዎም አልዞሩም ማለት ነው።»

አለቃው ከመሐረቡ ሥር «ትፈርማለህ አትፈርምም?» አለ።

ወንድሜ ወረቀቱን ሳይፈርም መለሰለትና ወጣ።

በሳምንቱ ሌላ ዞሪ ተቀጠረ። እሱንም በአንድ ሰዓት ጨርስ አሉት። የሚዞርበትን መተላለፊያ፣ ያን ዝቃጭ፣ ዝቄ ያጸዳሁለት እኔው ነኝ።